እሁድ አመጣታለሁ

«ለሟቹ ምኑ ነሽ፣ እህቴ?»

የጠየቀቻት ከጎኗ የተቀመጠች፣ ዘመነች አይታት የማታውቅ ሴት ነበረች። ከቀብር ተመልሰው ድንኳኑ ውስጥ ገና አረፍ ማለታቸው ነው። የእድሩ ሰዎች ንፍሮ በሰፌድ ያዞራሉ። ሴትዮዋ አንድ እፍኝ ዘግና፣ መልሱን እስክትሰማ ሳትቆረጥም ጠበቀች።

ዘመነች ሚስቱ ነኝ እንዳትል ከተፋቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ጎረቤቱ ነኝ እንዳትል ስምንት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖራ ሁለት ልጅ ወልዳለታለች።

«የልጁ እናት ነኝ» አለች በመጨረሻ።

ሴትዮዋ እግዜር ያጽናሽ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ዘመዶቹ ወደተቀመጡበት ወደ ድንኳኑ ውስጠኛ ክፍል አየት አደረገችና ዓይኗን መልሳ ዘመነች ወደተቀመጠችበት ወደ መግቢያው አመጣችው።

ድንኳኑ የተተከለው ኮልፌ፣ የሟቹ ታላቅ እህት የወይዘሮ ሸዋገነት ግቢ ውስጥ ነው። ቀለመወርቅ ከዘመነች ከተለየ በኋላ የኖረው እዚያው ግቢ፣ ከኋላ ባለች አንዲት ክፍል ነበር። ዘመነች የምትኖረው ደግሞ ከወንዙ ማዶ፣ አሥር ደቂቃ በማያስኬድ መንገድ ላይ ነው። የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። በእነዚህ ዘጠኝ ዓመታት ያችን አሥር ደቂቃ ሄዳ የእሱን በር አንኳኩታ አታውቅም። ልጃቸው ጽጌማርያም ብቻ ነበረች በየእሁዱ የምትመላለሰው።

አሁን ጽጌ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከአክስቷ አጠገብ ተቀምጣ፣ ሰው በመጣ ቁጥር ተነስታ እየተሳመች መልሳ ትቀመጣለች። እናቷን ከሩቅ ታያታለች እንጂ አልመጣችም። ዘመነችም አልጠራቻትም።

ቀለመወርቅ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በሚናወጥ ፉርጎ ውስጥ ስለተመላለሰ፣ መሬት ላይ ሲራመድ እንኳ እግሩን ሰፋ ያደርግ ነበር። ገና እንደተጋቡ ዘመነች በዚህ ትስቅበት ነበር፤ ቤታችንም ይናወጣል መሰለህ ትለዋለች። ከድሬዳዋ ሲመለስ መንደሪን በመረብ ዘንቢል ይዞ ይመጣል፤ ቤቱ ለሁለት ቀን መንደሪን መንደሪን ይሸታል። ጽጌ ስትወለድ ደግሞ የሚያስተኛት በዘፈን አልነበረም። ደረቱ ላይ አስተኝቷት የባቡር ጣቢያዎቹን ስም በዝግታ ይጠራላታል፤ አቃቂ፣ ዱከም፣ ደብረ ዘይት፣ ሞጆ፣ ናዝሬት እያለ። መተሃራ ሳይደርስ ትተኛለች። ዘመነችም ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ይወስዳት የነበረው አዋሽ አካባቢ ነው።

ሁለተኛ ልጃቸው ወንድ ነበር። ዓመት ከሁለት ወሩ ላይ ኩፍኝ ያዘው። ቀለመወርቅ ያን ጊዜ ድሬዳዋ ነበር። ቴሌግራም ተላከለት፤ ባገኘው የመጀመሪያ ባቡር ተሳፈረ፤ ሲደርስ ግን ሕፃኑ ከተቀበረ አንድ ቀን ሆኖታል። የደንብ ልብሱን እንደለበሰ፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ዘመነች ቀና ብላ አየችውና «ዘገየህ» አለችው። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ያህል በአንድ ቤት ኖሩ፤ ያች ቃል ግን አብራቸው ትኖር ነበር። ሲለያዩ ጠብ አልነበረም። ሽማግሌ ፊት ተቀምጠው፣ ልጅቷ እናቷ ዘንድ እንድታድግ ተስማምተው ተለያዩ።

በሁለተኛው ቀን ለቅሶ ደራሹ በዛ። ከባቡር መሥሪያ ቤት የመጡ ሰዎች በአንድ ወገን ተቀምጠው ስለ ሰዓት አክባሪነቱ ያወራሉ። ሸዋገነት ለቅሶዋ ጋብ ሲልላት ለሴቶቹ ስለ ወንድሟ ትነግራለች። ድምጿን ዝቅ ብታደርግም ዘመነች የተቀመጠችበት ድረስ ይሰማል።

አንድ ልጅ ነበረችው፣ ትላለች ሸዋገነት። እሷንም እንደ ልቡ አላያትም። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ባሕር አሳያታለሁ ብሎ ጅቡቲ ይዟት ሄደ፤ ለእሱም ስንት ተለምኖ ነው። ከዚያ ወዲያ ይዟት መሄድ ተከለከለ። ምን አጥፍቶ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ከሴቶቹ አንዷ ዘወር ብላ ወደ መግቢያው ተመለከተች። ዘመነች ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ሸዋገነት አልዋሸችም። የተባለው ሁሉ እውነት ነው።

ዘመኑ አምሳ ሰባት ነበር፤ ጽጌ ስምንት ዓመቷ። ቀለመወርቅ በፋሲካ የትምህርት ቤት ዕረፍት ልጁን ጅቡቲ መውሰድ አሰበ። ጅቡቲ የፈረንሳይ ግዛት ናት፣ ውጭ አገር ናት፤ ሌሴፓሴ የሚባል የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ለልጅቷ ሌሴፓሴ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ደግሞ እናትየዋ መጥታ ካልፈረመች አይሆንም አለው። እናም አቶ ገብረማርያምን፣ ሲለያዩ ያሸማገሏቸውን ሰው፣ ይዞ ዘመነች ቤት መጣ።

ዘመነች አይሆንም አለች። የሰማችው ነገር ነበር፤ ቀለመወርቅን ጅቡቲ ወደብ ላይ በጥሩ ደመወዝ ሊቀጥሩት ፈልገዋል የሚል። ልጄን ይዞ ከቀረ የት ሄጄ እከሰዋለሁ፣ የፈረንሳይ ዳኛ ፊት እንዴት እቆማለሁ አለች። ቀለመወርቅ ሥራው እንደቀረበለትም፣ አልፈልግም ብሎ እንደመለሰውም ሳይደብቅ ነገራት። ልጅ ጥሎ እንዴት ይኬዳል፣ ይዞስ እንዴት ይቀራል አለ። አቶ ገብረማርያም ጉልበታቸውን እያሻሹ አንዴ ይሄን፣ አንዴ ያቺን ያያሉ። ሲመሽባቸው በሌላ ቀን እንመለሳለን ብለው ተነሱ። ሦስት ጊዜ ተመላለሱ።

በሦስተኛው ቀን ዘመነች የልቧን ተናገረች።

«ባቡርህ ሰዓት ያውቃል። አንተ ግን ለእኔ አንድ ቀን በሰዓቱ ደርሰህ አታውቅም።»

አቶ ገብረማርያም አቀረቀሩ። ቀለመወርቅ ስለ የትኛው መዘግየት እንደምታወራ ገብቶታል።

«እሁድ አመጣታለሁ» አለ። «የዳግማይ ትንሣኤ እሁድ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከዚህ በር ላይ።»

አቶ ገብረማርያም እኔ ዋስ እሆናለሁ አሉ። ዘመነች ግን በዋስ አልነበረም የተረታችው። የዚያን ዕለት ጠዋት የጽጌን አልጋ ስታነጥፍ፣ ከትራሱ ሥር አንዲት ቀሚስ፣ ማበጠሪያና ሁለት ጥንድ ካልሲ በጥንቃቄ ታጥፈው አግኝታለች። ልጅቷ ልሂድ ብላ አንድ ቀን አልለመነችም። በጓዳው መጋረጃ ጀርባ ሆና ሽማግሌው የሚሉትን እያዳመጠች ዕቃዋን ታዘጋጅ ነበር። ዘመነች በማግስቱ ሄዳ ፈረመች። ሰኞ ዕለት ለገሃር ድረስ ሸኘቻቸው። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ጽጌ በመስኮት ብቅ ብላ የጣቢያዎቹን ስም ከአቃቂ ጀምራ እየጮኸች ትጠራ ነበር።

ያ ሳምንት ለዘመነች አላልቅ አለ። ዩኒፎርም ስትሰፋ እጅጌ ገልብጣ ገጠመች፤ ፈታ እንደገና ሰፋች። እሁድ ሲደርስ ጣቢያ አልሄደችም፤ በር ላይ አመጣታለሁ ብሏል፣ በር ላይ ያምጣት ብላ ቁጭ አለች። ቀትር አለፈ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ አሥር ሆነ። ፀሐይዋ ወደ ወጨጫ ተራራ ስታዘቀዝቅ ዘመነች ወጥታ አጥሩ ሥር ቆመች። የፀሐይዋ የታችኛው ጠርዝ ተራራውን ሲነካ፣ ቀለመወርቅ ልጅቷን ታቅፎ በመንገዱ ጥግ ብቅ አለ።

ልጅቷ ትከሻው ላይ ተኝታለች። ሱሪው እስከ ወገቡ በደረቀ ጭቃ ተለውሷል። ዘመነች ጠጥቶ የወደቀ መሰላት። ልጅቷን ስትቀበለው እግሯ ባዶ መሆኑን አየች፤ በበዓሉ የገዛችላት አዲስ ጫማ የለም።

«ጫማዋስ?»

«ጠፋ። እገዛላታለሁ።»

ዘመነች ገብታ በሩን ዘጋች። ውጭ ትንሽ ቆሞ እንደቆየ ታውቃለች፤ ኮቴው የራቀው ልጅቷን አልጋ ላይ ካስተኛቻት በኋላ ነው። ሌሊቱን ልጅቷን አተኮሳት። ለሦስት ቀን አልለቀቃትም። ዘመነች ግንባሯ ላይ እርጥብ ጨርቅ እያደረገች፣ ሁለተኛ አላደርገውም እያለች ለራሷ ስትምል ሰነበተች። በዓመቱ አቶ ገብረማርያም ያንኑ ጥያቄ ይዘው ሲመጡ፣ ልጄን ባዶ እግሯን፣ ትኩሳት አስይዞ ላመጣ ሰው ደግሜ አልሰጥም ብላ መለሰቻቸው። ቀለመወርቅ አልተከራከረም። ከዚያ ወዲህ የጅቡቲ ነገር በዚያ ቤት አልተነሳም። ጽጌም እናቷ ፊቷ እንደሚጠቁር ስላየች ማውራቱን ተወችው።

ዘንድሮ ቀለመወርቅ ኩላሊቱን ታሞ ሆስፒታል ሲተኛ ዘመነች በየሁለት ቀኑ ሾርባ ትሠራ ነበር። ጽጌን ይዛ ትሄዳለች፤ ልጅቷ ስትገባ እሷ ከበሩ ውጭ ትቆማለች። አንድ ቀን ጽጌ ስትወጣ መልእክት ይዛ መጣች። እናትሽ በር ላይ መቆሟን አውቃለሁ፤ ብርድ እንዳይመታት ንገሪያት ብሏል አለቻት። ዘመነች በሚመጣው ሳምንት እገባለሁ ብላ ወሰነች። የምትለብሰውን ልብስ ሁሉ አስባ ነበር። ሐሙስ ዕለት ሞተ።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ጠዋት ቀራንዮ መድኃኔዓለም ሄደው፣ መቃብሩ ላይ ጸሎት ተደርጎ ተመለሱ። እንግዳው እየሳሳ፣ የእድሩ ሰዎችም የድንኳኑን ገመድ አሻግረው ማየት ጀምረዋል። ቀትር ላይ አንድ ኮፍያ ያደረጉ፣ ፂማቸው የሸበተ ሽማግሌ ከታክሲ ወርደው ገቡ። ሰይፈዲን ይባላሉ፤ የድሬዳዋ ሰው ናቸው፤ በባቡሩ ላይ ከቀለመወርቅ ጋር ሃያ ዓመት ሠርተዋል። መርዶው የደረሳቸው ዘግይቶ ነው፤ ሌሊቱን ሲጓዙ አድረው ገና መድረሳቸው ነበር። ሸዋገነትን አቅፈው አለቀሱ፤ ጽጌን ግንባሯን ስመው አንቺን በልጅነትሽ አውቅሻለሁ አሏት። ከዚያ ዘመነች የትኛዋ እንደሆነች ጠየቁ። ጽጌ በእጇ ወደ መግቢያው አመለከተቻቸው።

ሰይፈዲን በርጩማ ይዘው መጥተው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ።

«ወይዘሮ ዘመነች፣ እርስዎን ሳላገኝ ብመለስ ይቆጨኝ ነበር» አሉ። «አንድ ነገር ልንገርዎት። በሕይወት እያለ እንዳልናገር አስምሎኝ ነበር፤ አሁን ግን መሐላው ከእሱ ጋር የሄደ መሰለኝ።»

የነገሯት ይህን ነው። ያን ጊዜ ከጅቡቲ ሲመለሱ እሳቸውም በዚያው ባቡር ላይ ነበሩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አዋሽ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ባቡሩ ቆመ። ከጨርጨር ተራሮች የወረደ ደራሽ ውሃ ደረቁን ሸለቆ ሞልቶ ከሐዲዱ ሥር ያለውን አፈር ወስዶታል። ተሳፋሪው ወይ እንዲጠብቅ ወይ ወደ ድሬዳዋ እንዲመለስ ተነገረው። መንገዱ እስኪጠገን አራት ቀን ፈጅቷል። ቀለመወርቅ ግን ሰዓቱን አየና ነገ እሁድ ነው አለ። ሰይፈዲን ሕፃን ይዘህ አትበድ አሉት። አልሰማቸውም። ሌሊቱን ልጅቷን ፉርጎው ውስጥ አስተኝቶ እሱ ከወንዙ ዳር ሆኖ ውሃው ሲጎድል እየተመለከተ አደረ።

«ጎህ ሲቀድ ውሃው ደረት ላይ ነበር» አሉ ሰይፈዲን። «ዱላ ይዞ ገባ። ብቻውን ተሻግሮ ተመለሰ። ደግሞ ገባ፣ ተመለሰ። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረገ። እግሩ የሚያርፍበትን እያንዳንዱን ድንጋይ ካወቀ በኋላ ነው ልጅቷን ትከሻው ላይ ያነሳት። እኔ ከወዲህ ሆኜ ነፍሴ አልነበረችም። ጫማዎቻቸውን አስሮ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነበር፤ ውሃው የወሰደው ጫማውን ብቻ ነው። የእሷንም የራሱንም።»

ዘመነች ነጠላዋን ከአፏ ላይ አነሳች።

«የራሱንም?»

«አዎ። እንግዲህ ከዚያ አዋሽ ድረስ በእግሩ ነው፤ ከአዋሽ በጨው መኪና ናዝሬት፣ ከናዝሬት አዲስ አበባ። ባዶ እግሩን ነው የመጣው። አላዩትም?»

ዘመነች ያን ምሽት ለማስታወስ ሞከረች። ወጨጫን አየችው፤ ጭቃውን አየችው፤ የልጅቷን ባዶ እግር፣ አውራ ጣቷ ላይ ያለውን ጭረት ሳይቀር አየች። የእሱ እግር ግን አልመጣላትም። ወደዚያ አላየችም ነበር።

ጽጌ መቼ እንደመጣች ሳይታወቅ ከእናቷ ጀርባ ቆማለች። ያኔ ነግሬሽ ነበር እኮ እማዬ አለቻት በዝግታ፤ አባዬ በትከሻው ውሃ አሻገረኝ ብዬሽ ነበር፣ አንቺ ባሕሩን መስሎሽ ዝም በይ አልሽኝ። ዘመነች ይሄንንስ አስታወሰች። በትኩሳቱ ማግስት ነበር።

«ለምን አልነገረኝም?» ብላ ሰይፈዲንን ጠየቀቻቸው።

«እኔም ጠይቄው ነበር። ውሃ ውስጥ ይዣት መግባቴን ካወቀች ሁለተኛ አትሰጠኝም አለ። በዓመቱ ሲከለከል ደግሞ፣ እንግዲህ ምን ቀረህ፣ ንገራት አልኩት። ፀሐይ ሳትጠልቅ መድረሴን በዓይኗ አይታለች፣ ይበቃኛል አለኝ። ከዚያ በኋላ አንስተነው አናውቅም።»

ሸዋገነት ከውስጠኛው ክፍል ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ተነሳች። ዘመነች የምትሰደብ መስሏት ትከሻዋን ሰበሰበች። ሸዋገነት ግን መጥታ እዚያው መግቢያው ላይ፣ ነፋሱ በሚገባበት፣ ከጎኗ ተቀመጠች።

«ለእኔም አልነገረኝም» አለች።

«እትዬ ሸዋገነት፣ እኔ በሩን ዘግቼበት ነበር።»

ሸዋገነት በቁርጥማት የማይዘረጋውን እግሯን በእጇ አንስታ አስተካከለችና ትከሻዋን ወደ ዘመነች አስጠጋች። ድንኳኑ መፈታት እስኪጀምር ድረስ ሁለቱ እንዲያ ተቀመጡ።

ዘመነች ወደ ቤቷ ስትመለስ የሰፈሩ ባለሱቅ ጀይሉ ዘንድ ጎራ አለች። ሁለት ወረቀት ጥቁር የልብስ ቀለም ገዛች። የተፋታች ሴት ጥቁር ልበሺ ብሎ የሚያስገድዳት የለም፤ ብትለብስም የሚያወራባት አይጠፋም። ጀይሉ ይህን ያውቃል፤ ግን ምንም ሳይላት ቀለሙን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጣት። ቤቷ ስትደርስ አሮጌውን ትልቅ ድስት ጓሮ አውጥታ ውሃ ጣደች። ነጩን የክት ቀሚሷን ከሳጥን አወጣች፤ ሆስፒታል ልትገባበት ያሰበችው እሱን ነበር። ቀለሙን በትና ቀሚሱን አስገባች፤ በእንጨት እየደፈቀች ታገላብጠው ጀመር።

ጽጌ ከኋላዋ መጥታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የቀሚሱ ጥልፍ ለመጥቆር እምቢ ብሎ ቆየ፤ ቀስ በቀስ ግን እሱም ቀለሙን ጠጣ።

«ባሕሩ እንዴት ነበር?» አለች ዘመነች፣ ከድስቱ ሳትዞር።

ጽጌ መጀመሪያ በትክክል የሰማች አልመሰላትም። ከዚያ መናገር ጀመረች። ሰማዩና ውሃው የት ላይ እንደሚለያዩ እንደማይታወቅ፣ አባቷ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ እጇን ይዟት እንደገባ፣ ማዕበሉ ሲመለስ ከእግሯ ሥር አሸዋውን ሲስብባት እንደጮኸች፣ እሱም እንደዚያ ሲስቅ ሌላ ጊዜ አይታው እንደማታውቅ ነገረቻት። አንድ እፍኝ ውሃ አንስቶ አስቀምሷት ነበር። ጨው ነው፤ ለእናትሽ ንገሪያት፣ አታምንሽም ብሏት ነበር።

«ሳልነግርሽ ቀረሁ» አለች ጽጌ።

«ሳልጠይቅሽ ነው የቀረሁት።»

ዘመነች ቀሚሱን በእንጨቱ አውጥታ በቀዝቃዛ ውሃ አለቀለቀችው። ከብዷል። ለብቻዋ ልትጨምቀው ሞከረችና እጇ አልችል አላት። ከወገብ በላይ ያለውን ክፍል ለራሷ ያዘች፤ የቀሚሱን ጫፍ ወደ ልጇ ዘረጋች። ጽጌ ተነስታ ተቀበለቻት። እናትና ልጅ ፊት ለፊት ቆመው፣ አንዷ ወደ ቀኝ አንዷ ወደ ግራ ያጠመዝዙት ጀመር፤ ጥቁሩ ውሃ በሁለቱም ክንድ እየወረደ በመካከላቸው መሬቱ ላይ ይንጠባጠባል።